ቄስ ጉዲና ለምን ከአገር አልወጡም?

ከመገናኛ ወደ ስታዲየም በሚወስደው ባቡር የተሳፈረ ሰው ለም ሆቴልንና ሁለቱን የሃያ ሁለት ጣቢያዎች አልፎ ዑራኤል ይደርሳል። አራት ፌርማታ ብቻ ነው። ዑራኤል ሲባል አብዛኞቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ደብሩ ነው። እዚያው ሰፈር ግን የመካነ ኢየሱስ ምእመናንም የሚሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ አንድ የ50 ዓመት ቄስ እዚያ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርተው ከባለቤታቸው ጋር ወጡ። ሲቪል የለበሱ የደኅንነት ሰዎች ይዘዋቸው ሄዱ። ባለቤታቸውን ለብቻ ወስደው ከከተማው ዳር ጣሏቸው። ቄሱን ግን ከዚያ በኋላ በሕይወት ያያቸው የለም። ቤተሰቡ አስከሬናቸውን ያገኘው ከ13 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ።

አገዳደላቸው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። በውጭ አገር ጽሑፎች ሂትለር ካሰቀለው ከጀርመናዊው ፓስተር ከዲትሪሽ ቦንሆፈር ጋር እያነጻጸሩ የሚጽፉላቸው አሉ። እኔን የሚይዘኝ ከሞታቸው በፊት ያለው ጥያቄ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈትተዋል፤ መጀመሪያ ጥቅምት 1 ቀን 1971። ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። የውጭ ወዳጆቻቸው ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። ከዑራኤል ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ምን ያህል ይርቃል? እንቢ አሉ። ቤተ ክርስቲያኔና ሕዝቤ እዚህ ናቸው፣ በመከራ ቀን መንጋውን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ የሚል መልስ እንደሰጡ ይነገራል።

ይህን በድፍረት ብቻ ብንፈታው ሰውየውን አሳንሰን ማየት ይመስለኛል። ደፋር ሰው በዚያ ዘመን ሞልቶ ነበር፤ በሁሉም ወገን። የጉዲና እንቢታ ሥሩ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በወጣ አንድ ደብዳቤ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከደብዳቤው በፊት ግን ሰውየው። የተወለዱት ምዕራብ ወለጋ፣ ቦጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929። ወደ ስብከት ከመግባታቸው በፊት ነቀምት ሆስፒታል አስተርጓሚ ነበሩ፤ በኋላም በቀዶ ሕክምና ክፍል ድሬሰርነት ሠልጥነው ሠሩ። ይህን ልብ በሉልኝ። ቁስል ያጠቡ እጆች ናቸው በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ የያዙት። እ.ኤ.አ. በ1958 ቅስና ተቀበሉ፤ ከ1963 እስከ 1966 አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ተማሩ፤ ተመልሰውም ዋና ጸሐፊ ሆኑ። መካነ ኢየሱስ እንደ አንድ አገራዊ ቤተ ክርስቲያን የተቋቋመችው ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ስለሆነ ገና ለጋ ነበረች። ሰው ግን ይጎርፍባት ነበር። በየገጠሩ ጉባኤ ይተከላል፤ ቄስ የለም፣ ወንጌላዊ የለም፣ የሚያስተምር የለም።

ገንዘቡ የሚመጣው ከጀርመንና ከስካንዲኔቪያ አብያተ ክርስቲያናት ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ለክሊኒክ፣ ለውኃ ጉድጓድ፣ ለእርሻ ፕሮጀክት ሲባል ገንዘብ በቀላሉ ይገኛል። ወንጌላዊ ለማሠልጠን ወይም ጸሎት ቤት ለመሥራት ሲጠየቅ ግን በሩ ይጠባል። ለጋሾቹ ሁለቱን ለያይተው፣ መስፈርቱን ቢሯቸው ውስጥ አውጥተው ይልካሉ። ከዚያ ዘመን የአውሮፓ ሰው አንጻር ይህ ምክንያት አለው፤ የልማቱ ገንዘብ ከፊሉ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይወጣ ስለነበር ለስብከት አይውልም።

በ1964 ዓ.ም. ግንቦት ወር ላይ መካነ ኢየሱስ ጄኔቭ ላለው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ወንጌልን በማወጅና በሰው ልጅ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት የሚያትት ደብዳቤ ላከች። ከጀርባው ዋናው አሳቢ ጉዲና ናቸው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሰው አንድ ነው። ሥጋውን ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ነፍሱን ለሌላ መሥሪያ ቤት ከፍለህ ልታገለግለው አትችልም። ቀድሞ ሚስዮኖች ነፍሱን ብቻ አይተው ሥጋውን ረሱ እየተባሉ ይወቀሱ ነበር፤ አሁን ደግሞ ሥጋውን ብቻ አይታችሁ ውስጡን ረሳችሁ። ውስጡ ያልለማ ሰው እጅ ላይ የተጣለ ልማት አይዘልቅም።

አንዳንዱ አንባቢ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ እንጀራውን ትተው ስብከት ይሁን አሉ» ይል ይሆናል። አላሉም። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየምሥራች ድምፅ ስም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስታካሂድ፣ ትምህርት ያልደረሰበት መንደር ውስጥ ፊደል ስታስቆጥር የነበረች ናት። ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም ነበራት። የደብዳቤው ቅሬታ ሌላ ነው፦ ስለ እኛ ሕዝብ የሚያስፈልገውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ከሩቅ ሆናችሁ። ደብዳቤው ዓለምን አነጋገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ናይሮቢ ላይ በዚሁ ጉዳይ ጉባኤ እስከ መካሄድ ደረሰ። ከአፍሪካ ወጥተው የአውሮፓን አብያተ ክርስቲያናት አስተሳሰብ ከሞገቱ ሰነዶች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። (እኛ ግን ከነገረ መለኮት ተማሪዎች በቀር ማን አንብቦታል?)

አብዮቱ ሲመጣ ጉዲና በጭፍን የተቃወሙ ሰው አልነበሩም። መሬት ለአራሹ ከወለጋ ጭሰኛ ልጆች መካከል ለወጣ ቄስ ክፉ ዜና ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1975 ያቀረቡት የውስጥ ማስታወሻ የሚያተኩረው በራሷ በቤተ ክርስቲያኗ ላይ ነው፦ በውጭ ገንዘብና በውጭ ሰው መደገፍ ይቁም፣ በራሳችን እንቁም። ደርግ ግን የሚፈልገው ሌላ ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 የወንጌል ድምፅ ራዲዮ ጣቢያን ወረሰው፤ ከዚያ ቀጥሎ የተላለፈበት የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ነው። በየክፍለ ሀገሩ ጸሎት ቤቶች ይዘጉ ጀመር። በ1968 ዓ.ም. ገደማ አብያተ ክርስቲያናት በጋራ የሚመክሩበት የትብብር ጉባኤ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሰብሳቢ ጉዲና ሆኑ። ተለያይተው ሲፈሩ የሚመቹት ተሰብስበው ሲመክሩ፣ ያ ለደርግ የሚዋጥ አልነበረም።

«የተገደሉት በወንድማቸው ምክንያት ነው» የሚል ወገን አለ። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦነግ መሥራቾች አንዱ ነበር፤ ይህ እውነት ነው፤ ደርግም በጥርጣሬ እንዳያቸው መገመት አያዳግትም። ዛሬም አንዱ ወገን ጉዲናን የብሔር ጀግና ብቻ ሊያደርጋቸው ሲፈልግ፣ ሌላው በዚያው ምክንያት ሊረሳቸው ይፈልጋል። ለሁለቱም ያለኝ መልስ አንድ ስም ነው፦ አቡነ ቴዎፍሎስ።

ፓትርያርኩ ኦነግ ወንድም አልነበራቸውም። ከጎጃም የወጡ የኦርቶዶክስ አባት ናቸው። ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ በመንበሩ ላይ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ክፍል የተመሠረተው በእሳቸው ዘመን፣ ያ የመካነ ኢየሱስ ደብዳቤ በተጻፈበት በ1964 አካባቢ ነው። ሁለቱ ቤቶች ሳይነጋገሩ ይመስለኛል አንድ ጥያቄ ላይ የደረሱት፦ ቅዳሴና ቀለብ፣ ስብከትና ሐኪም ቤት እንዴት በአንድ ይሂዱ? አቡነ ቴዎፍሎስ ያለ ደርግ ፈቃድ ጳጳሳት ሾሙ። የካቲት 1968 ላይ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። በ1971 ክረምት ተገደሉ፤ ጉዲና በተገደሉበት ክረምት ማለት ነው።

በ1984 ዓ.ም. የሁለቱም አጽም የተገኘው አንድ ቦታ ነው፤ በልዑል ራስ አስራተ ካሳ ግቢ። ራስ አስራተ ራሳቸው ኅዳር 14 ቀን 1967 ከተረሸኑት 60 ሰዎች መካከል ናቸው።

ስለዚህ ወንድም ማን ነው የሚለው ብዙ አይረዳንም። ሁለቱ አባቶች የሚያመሳስላቸው አገልግሎታቸውን ለመንግሥት አንድ መምሪያ ማድረግ አለመፈለጋቸው ነው። ደርግ ቤተ ክርስቲያንን ሊያጠፋ ብቻ አልነበረም የሚፈልገው፤ ማዘዝም ይፈልግ ነበር። ማን ጳጳስ እንደሚሆን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚመክር እሱ እንዲወስን።

ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። ለጄኔቭ «ሰውን ከሩቅ ሆናችሁ አታገልግሉ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ራሱ ጄኔቭ ተቀምጦ የወለጋን ምእመን ሊያጽናና ይችል ነበር? ይችል ነበር፤ ብዙዎች አድርገውታል፤ በስደት ሆነው ለአገራቸው መልካም የሠሩ አገልጋዮችን አልወቅስም። ለጉዲና ግን ያ መንገድ የራሳቸውን ክርክር ማፍረስ ይሆንባቸው ነበር። ሰው አይከፈልም ካልክ፣ እረኛም አይከፈልም፤ ድምፁ እዚያ፣ ሥጋው እዚህ ሊሆን አይችልም። በመጨረሻው ዓመታቸው የጻፉት ጽሑፍ ርእስም ክርስቲያን በአንድ ኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ ነው። ከኅብረተሰቡ ውጭ ስላለው አይደለም።

ይህ የኔ ንባብ ነው፤ ሌላ የሚያነብ ካለ ኮሜንት መስጫው ክፍት ነው።

አሁን ወደ መገናኛችን። በዚህ በከተማው ምሥራቅ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ፣ እሑድ ጠዋት አዳራሹን ቁጠሩ። ምድር ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ። ደብሮቹም ሞልተው ይፈሳሉ። የሃይማኖት እጥረት የለብንም። ጉዲና ከ50 ዓመት በፊት ያስቸገራቸው ክፍፍል ግን አልሞተም፤ መልኩን ለውጦ ነው ያለው። በአንድ ወገን ነቢይ ነኝ ባይ በማይክ በረከት ይሸጣል፤ ከአዳራሹ ደጃፍ የተኛው የአእምሮ ሕመምተኛ ግን የስብሰባው ጉዳይ አይደለም። በሌላ ወገን ለጋሽ እንዳይከፋው ብሎ መስቀሉን ከፕሮፖዛሉ የሚያነሣ ድርጅት አለ። ሁለቱም ሰውን ለሁለት ይቆርጡታል።

ያልቆረጡትም አሉ፤ ይህንንም አለመናገር ግፍ ነው። ጉዲና በተገደሉ በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ እናታችን አበበች ጎበና ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሄዱ። ዘመኑ የድርቅ ነበር። መንገድ ላይ ከሞተች እናቷ አጠገብ ሕፃን አገኙ፤ ከሳምንታት የጸሎት ጉዞ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው ወይ እኔን ወይ ልጆቹን ሲሏቸው ልጆቹን መረጡ። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና እስካረፉ ድረስ የእናትነት ሥራውን አልተዉትም። መሳለም ሄደው ነው ሥራው ያገኛቸው፤ ጸሎቱና ሕፃኑ በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ። ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ ባቡሩ የመጨረሻ ጣቢያ አያት ላይ ደግሞ የቢኒያም በለጠ መቄዶንያ አለ፤ ከጎዳና የተነሡ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚታጠቡበት፣ የሚበሉበት። እዚያ ገብቶ ያየ ሰው ነቀምት ላይ ቁስል ያጥብ የነበረውን ወጣት ድሬሰር ሊያስብ ይችላል።

የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ያን ምሽት ከከተማ ዳር በእግራቸው ተመለሱ። ጥቂት ወራት ቆይቶ እሳቸውም ታሰሩ። ክስ ሳይመሠረትባቸው፣ እየተገረፉ፣ አሥር ዓመት ገደማ። ባላቸው የት እንደተቀበሩ የሚነግራቸው አልነበረም። በ1984 አጽሙ ሲወጣ እሳቸው በሕይወት ነበሩ። የጉዲና የቀብር ሥርዓት ሰኔ 20 ቀን 1984 ተፈጸመ። የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽም ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ዐረፈ። በአንድ ግቢ 13 ዓመት አብረው ከቆዩ በኋላ የየራሳቸው ሰዎች መጥተው ወሰዷቸው።