ሁለተኛ ትራምፔት

አባቴ ጢሙን ሲላጭ የሚያንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች። ዜማ ማለት ከተቻለ ነው እንግዲህ። ሁለት ድምፅ ላይ ወዲያ ወዲህ ትልና ዝም ትላለች፤ ድንገት ሦስቴ "ታ-ታ-ታ" ትልና እንደገና ዝም። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። እናቴ ደግሞ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ምን ስትሠራ ነበር? አንድ ዘፈን እንኳ አስተካክለህ አታዜምም?" ትለዋለች። እሱም አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ "እኔ ሁለተኛ ትራምፔት ነኝ" ብሎ ይመልሳል። ቀልድ ይመስለን ነበር።

መልሱ የገባኝ ከሞተ ከዓመታት በኋላ፣ እዚህ ቦስተን አካባቢ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆሜ ነው። ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ሐሙስ ማታ ማታ ጋራዣቸውን ዘግተው ጥሩምባ ይነፋሉ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር። አንድ ሙሉ ዘፈን አይወጣቸውም። ትንሽ ይነፋሉ፣ ያቆማሉ፣ እግራቸውን እየመቱ ይቆጥራሉ፣ እንደገና ትንሽ። አንድ ቀን በረዶ ስንጠርግ "ገና እየተማሩ ነው እንዴ?" አልኳቸው። ሳቁ። "ይህንን የተማርኩት 16 ዓመቴ ላይ ነው። አሁን እያስታወስኩ ነው" አሉኝ። ከዚያ ቤታቸው አስገብተው ስለ ድራም ኮር አወሩልኝ። እኔም እንደ ልማዴ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድራም ኤንድ ቢዩግል ኮር የሚሉት፣ ባጭሩ ድራም ኮር፣ እኛ ከምናውቀው ማርሽ ባንድ ይለያል። ክላሪኔት የለም፣ ሳክስፎን የለም፣ ፍሉት የለም። ያለው የናስ ጥሩምባና ከበሮ፣ ከፊታቸው ደግሞ ባንዲራና የእንጨት ጠመንጃ የሚያሽከረክሩ ሰልፈኞች ናቸው። መነሻው የጦር ሰፈር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1919 አሜሪካን ሊጅን የተባለውን የዘማቾች ማኅበር መሠረቱ። በየከተማው ያሉ ቅርንጫፎች በጦር ሜዳ የለመዱትን ጥሩምባና ከበሮ ይዘው ሰልፍ ወጡ፣ እርስ በርስ ተወዳደሩ። ቀጥሎ ለልጆቻቸው አቋቋሙ። የካቶሊክ አጥቢያዎችና የቦይ ስካውት ቡድኖችም ገቡበት። ለምሳሌ ማዲሰን ስካውትስ የሚባለው የዊስኮንሲኑ ኮር በ1938 በስካውት ስም የተመሠረተ ነው። የሠራተኛ ሰፈር ልጅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ባይገባም እዚያ ይገባል። ጎረቤቴም የገቡት እንደዚሁ ነው።

አሁን ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ልበል፤ ለታሪኬ ያስፈልገኛል። ቡግል ማለት ቫልቭ የሌለው ጥሩምባ ነው። በጣት የሚነካ ነገር ስለሌለው በከንፈር ብቻ ነው ድምፅ የሚቀየረው። ስለዚህም የሚያወጣቸው ድምፆች በጣም ጥቂት ናቸው። ለመቀስቀሻ፣ ለምግብና ለመኝታ ጥሪ ይበቃል። ሙሉ ዘፈን ግን አይወጣበትም። በኋላ አንድ ፒስተን ተጨመረለት፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ሦስት ቫልቭ የተፈቀደው በ1990 ነው። ከዚያ በፊት ለነበሩት ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው አንዱ መሣሪያ ሊያወጣው የማይችለውን ኖታ ለሌላው ማደል ነበረበት። ዜማው የማንም አይደለም፤ ሁሉም ቁራሽ ቁራሽ ይዟል።

የዘማቾቹ ማኅበራት የሚያወጡት ደንብ እያጠበቀ ሲመጣ ኮሮቹ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ድራም ኮርፕስ ኢንተርናሽናል ይባላል። የመጀመሪያ ሻምፒዮናውን በ1972 በዊስኮንሲን፣ ኋይትዋተር ከተማ አካሄደ። ያሸነፈው አናሃይም ኪንግስመን የተባለው የካሊፎርኒያ ኮር ነው። የዕድሜ ጣሪያ አለው። ጣሪያው ላይ ስትደርስ የመጨረሻዋን ክረምት ትነፋና ዩኒፎርምህን መልሰህ ትወጣለህ። በቃ።

ውድድሩ አገር አቀፍ ሲሆን ወጪውም አገር አቀፍ ሆነ። ክረምቱን ሙሉ በአውቶቡስ አገር ማቋረጥ፣ መቶና ከዚያ በላይ ልጅ መመገብ፣ ማሳደር። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና የሰፈር ማኅበር ይህን አይችልም። በመቶዎች ይቆጠሩ የነበሩት ኮሮች በ1970ዎቹና በ80ዎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። እዚሁ አጠገባችን ሪቪር ከተማ የነበረው 27ኛ ላንሰርስ በ1980 በሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ትርዒት አሳይቷል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ፈረሰ። ኦሊምፒክ ላይ መድረስ እንኳ አላዳነውም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ኮሩ ሲፈርስ ሙዚቃው የት ይገባል?

ይጫወቱት የነበረው አብዛኛው ሙዚቃ የራሳቸው ድርሰት አልነበረም። ማዲሰን ስካውትስ በ1988 ያሸነፈበት "ማላጌኛ" የኩባዊው የኤርኔስቶ ሌኩዎና ሥራ ነው። የላንሰርስ መታወቂያ "ዳኒ ቦይ" የታወቀ የአይሪሽ ዜማ ነው። የኒው ጀርሲዎቹ ብሪጅሜን የሮሲኒን "ዊሊያም ቴል" እየተጫወቱ ሙሉ ኮሩ ሜዳው ላይ ዘርፈጥ ብሎ ሲወድቅ ተመልካቹ ያብድ ነበር። (ጎረቤቴን "እናንተም ትወድቃላችሁ?" ብላቸው "መውደቁስ በዚህ ዕድሜ ቀላል ነው፤ ማን ያነሳናል?" አሉኝ።) ዘፈኑ በየትም አለ። የእነሱ የሆነው ቅንብሩ ነው። ለእነዚያ መሣሪያዎች፣ ለእነዚያ ልጆች ከንፈር ልክ የተሰፋ ልብስ በሉት። እሱ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። በእጅ የተጻፈው ኖታ በአንድ ሰው ምድር ቤት ውስጥ በካርቶን ይቀመጣል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ይጣላል። የቀረው በተጫዋቾቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነው። ኖታ እያዩ አይጫወቱም ነበርና ሁሉም የየራሱን ክፍል በቃሉ ያውቃል፤ የራሱን ክፍል ብቻ።

ለዚህ ነው የቀድሞ አባላት ኮር የሚባለው የመጣው። ላንሰርሶቹ በፈረሱ በ8 ዓመታቸው፣ በ1994፣ ሻምፒዮናው ፎክስቦሮ ሲካሄድ ተሰባስበው ሜዳ ገቡ። ሌሎችም ተከተሉ። ካርቶን ያለው ካርቶኑን ያመጣል። ኖታ የሌለውን ከድሮ ሸክላ እየሰሙ ይጽፉታል። ይህ የሆነው ደግሞ ፍሊትውድ የሚባል፣ እዚያው ሪቪር የነበረ ሸክላ ቤት ውድድሮቹን እየተከተለ ይቀዳ ስለነበረ ነው። በሸክላው ላይ ያልተሰማውን "የእኔ ክፍል እንዲህ ነበር" የሚል ሽማግሌ ይሞላዋል። መሣሪያው ራሱ ጣጣ አለው። የድሮው ቡግል በጂ የተቃኘ ነው። በ2000 የፈለጉትን ቅኝት መጠቀም ሲፈቀድ ወጣቶቹ ወደ ቢ-ፍላት ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹ የጂ ቡግል እንደ ዕንቁ እየፈለጉ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ይገዛሉ። "ድምፁ ሌላ ነው" ይላሉ። እኔ ልዩነቱን አልለይም። እነሱ ግን ዓይናቸው ውሃ ያቀርራል።

ባለፈው በጋ ጎረቤቴ ልምምድ ይዘውኝ ሄዱ። ጸጉራቸው የሸበተ ሃምሳ የሚሆኑ ሰዎች መኪና ማቆሚያ ላይ ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል። አንዱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባ ወዲህ ከፍተኛው ድምፅ እንደማይወጣለት ነገረኝ፤ ክፍሉን ለሌላ ሰጥቶ ዝቅ ያለውን ይዟል። እንደ ወጣቶቹ ሜዳ ላይ አይሮጡም፤ ቆመው ነው የሚጫወቱት። ከበሮው ጀመረ። ጎረቤቴ ሦስተኛ ሶፕራኖ ናቸው። ያቺ በጋራዥ ውስጥ ያናደደችኝ ቁርጥራጭ መጣች። እሳቸው ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ለካ ዜማው ይናገራል። ዜማው ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ እሳቸው ይገባሉ። ያለ እነሱ ቁራጭ ዜማው ባዶ ነው፤ ያለ ዜማው እነሱ ትርጉም የላቸውም።

አባቴ ትዝ አለኝ። "እኔ ሁለተኛ ትራምፔት ነኝ።" ሰውዬው ቀልዶ አያውቅም ለካ።

ወደ እኛ ልምጣ። የእኛ የናስ ሙዚቃ ታሪክ ከእነሱ አያንስም። በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ የአርመን ሙት ልጆች በናስ ባንድ ሲጫወቱ ሰሙና አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ የሠሩት ብሔራዊ መዝሙር እስከ አብዮቱ ድረስ አገር ዘምሮታል። ከነጻነት በኋላ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር የየራሳቸውን ሙዚቃ ክፍል አደራጁ። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ ነው የወጣው።

ልብ በሉ፣ እኛ የምናስታውሰው ዘፋኞቹን ነው። ደግሞም ተገቢ ነው። ዘፈኑ ሸክላ ላይ ወጣ፤ አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ ማሳተም ጀመረ፣ ኋላም ያው ሥራ በኢትዮፒክስ ዓለም ዞረ። የእነዚህ ባንዶች የጠዋት ሥራ ግን ዘፈን አልነበረም፤ ማርሽ ነበር። እንግዳ መቀበል፣ ሰልፍ ማስኬድ፣ ሬሳ መሸኘት። ማርሽ ማን ሸክላ ገዝቶ ቤቱ ይሰማል? ማርሹን የያዙት ሰዎቹ ናቸው። ሰዎቹ ደግሞ ሁለቴ ሦስቴ ተበተኑ። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ክብር ዘበኛ እንደገና ተዋቀረ። አብዮቱ መጣ። በ1983 ደግሞ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ።

አባቴም ያኔ ነው ትራምፔቱን አስረክቦ፣ ካፖርቱን ይዞ ቤት የገባው። ከዚያ በኋላ መሣሪያ ነክቶ አያውቅም። የቀረችው ያቺ የመላጫ ሰዓት ዜማ ብቻ ነበረች።

ከልምምዱ ስንመለስ መኪና ውስጥ ለጎረቤቴ አንጎራጎርኩላቸው። አስደገሙኝ። ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ቆጠሩና "ማርሽ ነው። እዚህ ዝም የሚልበት ጋ ሌላ ሰው ነበረ" አሉ። "ያ ሰው ምን ይጫወት ነበር?" አልኳቸው። "እሱን ከጓደኞቹ አንዱን መጠየቅ አለብህ" አሉኝ።

ጓደኞቹን አላውቃቸውም። የማርሹን ስም እንኳ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ስቄበታለሁ እንጂ አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ይህን የጻፍኩት ስለ አሜሪካ ሽማግሌዎች ለማውራት ብቻ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ በጦር ሠራዊት ወይም በፖሊስ ሙዚቃ ክፍል ያገለገሉ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ካሉ ስልካችሁን አውጡና ቅዷቸው። "ዘፈን አዚሙልን" አትበሏቸው። "የእርስዎ ክፍል የትኛው ነበር?" በሏቸው። ሁለተኛ ትራምፔት ይሁን፣ ቱባ ይሁን፣ ትልቁ ከበሮ ይሁን፣ የሚያንጎራጉሩት ነገር የተሰባበረ ቢመስላችሁም አትሳቁ፤ አታቋርጧቸው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። አንዱ ዝም የሚልበት ቦታ ላይ ሌላው ይገባል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ የአባቴን ክፍል ራሴ አንጎራጉሬ ቀድቼ አስቀምጫለሁ። አርባ ሰከንድ አይሞላም። ታ-ታ-ታዋም አለችበት። አንደኛ ትራምፔት የነበሩ ካሉ፣ ወይም ልጃቸው ይህን ካነበበ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ።

ቸር ሰንብቱ።