አምሮት

አምሮት ሰውነት አንድን የተወሰነ ምግብ፣ መጠጥ ወይም ሌላ ነገር አጥብቆ ሲሻ የሚሰማ ስሜት ነው። ከረሃብ የሚለየው በመራጭነቱ ነው። የራበው ሰው ያገኘውን በልቶ ይጠግባል፤ ያማረው ሰው ግን ጠግቦም ቢሆን ያንኑ ያማረውን ነገር ይፈልጋል። ቃሉ በተለይ በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ ፍላጎት ይነገራል።

የቃሉ አመጣጥ

አምሮት «አማረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ነው። «ቤቱ አማረ» ሲባል ቤቱ ውብ ሆነ ማለት ነው፤ «ቀሚሱ አማረባት» ሲባል ደግሞ ቀሚሱ ተስማማት ማለት ነው። «ቡና አማረኝ» ሲባል ግን ትርጉሙ ቡና መጠጣት በጣም ፈለግሁ ይሆናል። እዚህ ላይ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቡናው ሲሆን ፈላጊው ሰው ተሳቢ ነው። በ«ተመኘሁ» ሰውየው ራሱ አድራጊ ነው፤ በ«አማረኝ» ግን እንደ «ራበኝ» እና «ጠማኝ» ሁሉ ስሜቱ በሰውየው ላይ ይመጣበታል።

ተዛማጅ ቃላት

* ጉምጀት፦ ምግብ በማየት ወይም በማሽተት ምራቅ እስኪሞላ ድረስ የሚመጣ ፍላጎት ነው። ግሡ «ጎመጀ» ነው።
* ሐራራ፦ ቡና፣ ጫት ወይም ሲጋራ የለመደ ሰው የለመደበት ሰዓት ሲያልፍ የሚሰማው ጭንቀትና ፍላጎት ነው። ቃሉ በድምፅ ከግዕዙ «ሐሩር» እና ሙቀት ማለት ከሆነው የዐረብኛ «ሐራራ» ጋር ይቀራረባል። በትግርኛም «ሃረርታ» ጽኑ ምኞት ማለት ነው።
* ፍትወት፦ ከግዕዙ «ፈተወ» (ወደደ፣ ፈለገ) የመጣ ነው። በትግርኛ «ፈተወ» ዛሬም ወደደ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን «ፍትወት» በአብዛኛው ለሥጋ ፈቃድ ተወስኗል።

በአነጋገር

የፈለገውን ያገኘ ሰው «አምሮቱን ተወጣ» ወይም «አምሮቱን ቆረጠ» ይባላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ የቆየ ጿሚም በፋሲካ የሥጋ አምሮቱን ይወጣል። ግሡ ለቁጣም ያገለግላል፤ «ዱላ አማረህ?» የሚባለው አጥፊን ለማስጠንቀቅ ነው።

በእርግዝና ጊዜ

እርጉዝ ሴት «አማረኝ» ያለችውን ነገር ባልና ቤተሰብ ፈልገው እንዲያመጡላት ይጠበቃል። አምሮቷ ካልተፈጸመላት በሕፃኑ ገላ ላይ ምልክት ይወጣል የሚል እምነትም አለ። በሕክምና ግን ሲወለዱ የሚታዩ የቆዳ ምልክቶች ከእናት አምሮት ጋር አይያያዙም።

አንዳንድ እርጉዞች አፈር፣ ሸክላ፣ አመድ ወይም ጠመኔ ያምራቸዋል። ምግብ ያልሆነን ነገር የመብላት ፍላጎት በሕክምና ቋንቋ «ፓይካ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው በላቲን የቁራ ወገን ከሆነች ወፍ ሲሆን፣ ወፏ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች ተብሎ ይታመን ነበር። ፓይካ ብዙ ጊዜ ከብረት ማዕድን እጥረትና ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይታያል። አፈር መብላት ደግሞ የሆድ ትላትልን እንቁላልና እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ማዕድናትን ወደ ሰውነት ሊያስገባ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ሴቶች በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ ይመክራል። በአማርኛ የሥጋም ሆነ የአፈር ፍላጎት አንድ ስም ስላለው፣ የአፈር አምሮት እንደማንኛውም አምሮት ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በእርግዝና ክትትል ጊዜ ለጤና ባለሙያ መንገርና ደምን መመርመር ያስፈልጋል።