ልጅ ከቤቱ ሲወጣ
(ስለ ልጆች የዕረፍት ጊዜ ካምፕ ታሪክ)

ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ለኛ ክረምት ነው፤ ዝናብና ጭቃ። ለፈረንጆቹ ደግሞ ያው ወር ፀሐይ የሚሞቁበት በጋ ነው። ወቅቱ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው፦ ልጆቹ እስከ መስከረም ምን ይሁኑ? በኛ ዘንድ መልሱ ብዙ ጊዜ ከብት ጥበቃ፣ አረም፣ ሊስትሮ፣ ወይም አያት ቤት ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሰዎች ግን ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ልጆችን ሰብስበው ሜዳ ላይ ማስፈር ጀመሩ። ካምፕ ልጅን ያሳድጋል፣ ያበረታል ይባላል። እንዴት አድርጎ? ለማንስ ተብሎ? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዘን ታሪኩን እንከተል። (ዓመተ ምሕረቱ ለብቻው ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው የሚባለው ካምፕ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። በኮኔቲከት ግዛት፣ ዋሽንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፍሬደሪክ ጋን የሚባል፣ ባርነትን በግልጽ የሚቃወም መምህር ነበረ። በ1861 የእርስ በርሱ ጦርነት ሲፈነዳ ተማሪዎቹ እንደ ወታደር ሜዳ ማደር አማራቸው። ጋንም 40 ማይል ገደማ አስጉዞ ባሕር ዳር አሰፈራቸው።

በስዊዘርላንድ ደግሞ የተነሣው ችግር ሌላ ነበር። በ1876 ሄርማን ዋልተር ቢዮን የተባለ የዙሪክ ቄስ 68 የድሃ ልጆችን ከከተማው ጭስና ጥበት አውጥቶ ወደ አፔንሴል ተራራዎች ወሰደ። ሐሳቡ ወደ ጎረቤት አገሮች ተዛመተ። በኋላ በፈረንሳይ በተስፋፉት የዕረፍት ሰፈሮች ልጁ ሲሄድም ሲመለስም በሚዛን ይመዘን ነበር። ዕድገት ማለት ኪሎ መጨመር ነበር ማለት ነው። በዚህ መሳቅ አይገባንም፤ ለራበው ልጅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምሳ ነው።

ታዲያ የጠገበው ልጅስ? ይህን የጠየቀው እንደኛው ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ኧርነስት ባልች የዳርትመዝ ኮሌጅ ተማሪ ሳለ የሀብታም ልጆች የዕረፍቱን ወራት በሆቴል በረንዳ ላይ ተጎልተው ሲያሳልፉ ያይና ያዝናል። በ1881 በኒው ሃምፕሽየር፣ ስኳም በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ካምፕ ቾኮሩዋን አቋቋመ። ዋናው ሕጉ በካምፑ ውስጥ አሽከር የለም የሚል ነበር። በቤቱ ውኃ እንኳ ቀድቶ የማያውቅ ልጅ ምግብ ያበስላል፣ ሳሕን ያጥባል። የካምፑ የራሱ ገንዘብና ባንክ ስለ ነበረው ልጆቹ ሠርተው ያገኙትን ያስቀምጣሉ፣ ያወጣሉ። ካምፑ በ1889 ተዘጋ፤ ዘዴው ግን በብዙ ካምፖች ቀጠለ። እኛ እንደሚመስለን የካምፕ ዋና ትምህርት እዚህ ላይ ነው የተገኘው። ልጅ የሚያድገው እውነተኛ ሥራ ሲሰጠው፣ ያልሠራው ሥራም ሳይሠራ መቅረቱን በዓይኑ ሲያይ ነው። ሳሕኑ ካልታጠበ ራት አይቀርብም፤ አለቀ። እረኝነት የወጣ የገበሬ ልጅ ይህንን ያለ ካምፕም ያውቀዋል እኮ! ትምህርቱ የሚያስፈልገው ሥራ ለተነፈገው ልጅ ነበር።

በ1907 ነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ጄኔራል ቤደን ፓወል ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆች አሰፈረ። ከፊሎቹ ከታወቁት የመሳፍንትና የሀብታም ትምህርት ቤቶች፣ ከፊሎቹም ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ። በአራት ጓድ ሲከፋፈሉ የሁለቱ መደብ ልጆች ተደባለቁ፤ ለእንግሊዝ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በማግስቱ ዓመት የስካውት ንቅናቄ ተነሣ፣ ዓለምንም አዳረሰ፤ በኛም አገር ከጣሊያን ወረራ በፊት ስካውቶች ነበሩ። ይሁንና አንድ ነገር ልብ እንበል። ልጆቹ በየጠዋቱ ይቀሰቀሱበት የነበረው የአጋዘን ቀንድ ጄኔራሉ በ1896 በማታቤሌ ጦርነት አፍሪካውያንን ሲወጋ የማረከው ነበር። ካምፑ የመደብ ግድግዳ ያፈርስ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ የሚነቁት በምርኮ ቀንድ ነበር።

በ1925 ሶቪየቶች በክሪሚያ ባሕር ዳር አርቴክን ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ 80 ልጆች ያደሩት በድንኳን ሲሆን፣ ዓላማውም በሳንባ ነቀርሳ ለተጠቁ ሕፃናት ሕክምና ነበር። በኋላ ግን አርቴክ የፓርቲው የአቅኚዎች ማሳያ ሆነ። የሂትለር መንግሥትም ድንኳንን፣ እሳትን፣ መዝሙርን ተጠቅሞ ልጆችን ለጦርነት አሠልጥኖበታል። እንግዲህ ድንኳን ራሱ ደግም ክፉም አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በ1954 በኦክላሆማ፣ ሮበርስ ኬቭ በተባለ መናፈሻ የተደረገው ሙከራ ነው። ትውልዱ ከቱርክ የሆነው ሙዛፈር ሸሪፍ 22 የ11 ዓመት ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ አሰፈረ። ልጆቹ እየተጠኑ መሆናቸውን አያውቁም። ቡድኖቹ ለሽልማት በገመድ ጉተታና በኳስ ሲፎካከሩ ተሰዳደቡ፣ ተደባደቡ፤ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ። ኋላ ግን ውኃ ተቋረጠ ተባለ፤ መኪናውም አልነሣ አለ። ሁለቱም ቡድኖች ቧንቧውን አብረው ፈተሹ፣ መኪናውን አብረው ጎተቱ። መጨረሻ ላይ በአንድ አውቶቡስ ካልተመለስን አሉ፤ አንደኛው ቡድንም ያሸነፈውን 5 ዶላር ለሁሉም መጠጥ ገዛበት።

ይህ ታሪክ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ብዙ ያልተወራለት የ1953ቱ ሙከራ ነው። በዚያን ጊዜ ልጆቹ ከመከፋፈላቸው በፊት አብረው ሰንብተው ተዋድደው ነበር። አዋቂዎቹ በስውር ልብስ ቢበትኑ፣ ድንኳን ቢያፈርሱ፣ ልጆቹ አንጣላም አሉ፤ ጥርጣሬያቸውንም ወደ አዋቂዎቹ መለሱ። ሙከራው ከሸፈ። እኛ ግን ልጆቹ ፈተናውን አለፉ እንላለን።

ከልጆች ካምፕ ወጣ ቢልም ያገራችንን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዩኒቨርሲቲውንና 11ኛና 12ኛ ክፍሎችን ዘግቶ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ተማሪን ከከተማ ለማራቅ የታሰበ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ዘማቾቹ ፊደል አስተማሩ፣ የመሬት ዐዋጁን አስረዱ፤ ከገበሬው ጋር ሲኖሩም አገራቸውን ዐወቁ። ከላኳቸው ባለ ሥልጣኖች ጋር የተጋጩም፣ ጣቢያቸውን ጥለው የሄዱም ነበሩ። ላኪው የፈለገውና የተላከው ያገኘው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም።

ከመካከላችን ክረምት ሲመጣ በየሰፈሩ ልጆች ሰብስበን የምናስጠና አለን። ድንኳን የለንም፤ ያለን የቀበሌ አዳራሽና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ቢሆንም ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አለ። አዳራሹን ልጆቹ ራሳቸው ይጥረጉት፤ ቁልፉም በተራ በእነሱ እጅ ይደር። ውድድር ከማድረጋችን በፊት አብረው ይክረሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ልጁ የምናዘውን ነገር እንቢ ሲል እንደ አጥፊ ከመቁጠራችን በፊት ምክንያቱን እንስማ። የ1953ቱ ልጆች እንቢ ያሉት ትልልቆቹ ሰዎች ስለ ተሳሳቱ ነበር።