አብሮ ተጠማጅ፦ መረብ ያልተጣለለት እንስሳ

የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች «ባይካች» የሚሉት ነገር አለ። አጥማጁ ለአንድ ዓይነት ዓሣ ብሎ በጣለው መረብ ወይም መንጠቆ ሳይፈለግ የሚያዝ ሌላ እንስሳ ሁሉ ባይካች ነው፤ የሌላ ዓሣ ጫጩት፣ ኤሊ፣ ወፍ ወይም አዞ ሊሆን ይችላል። በአማርኛ «አብሮ ተጠማጅ» ብንለው ይሻላል እላለሁ። «ያልተፈለገ ምርት» ካልነው እንስሳውን ከጥራጊ እንቆጥረዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ቶሎ የሚጠፋው እሱ ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ በሜክሲኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ነው። ቫኪታ የምትባለውን ትንሽ የባሕር አጥቢ እንስሳ ሆን ብሎ የሚያጠምዳት የለም። ቶቶአባ ለተባለ ውድ ዓሣ በሚዘረጋ መረብ ተጠልፋ፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ተስኗት ትሞታለች። እ.ኤ.አ. በ1997 ቁጥሯ 570 ገደማ ተገምቶ ነበር፤ ዛሬ የቀሩት ወደ 10 ብቻ ናቸው።

እኛ ባሕር ባይኖረንም ጫሞና አባያ ሐይቆች አሉን። ከካምባም ሆነ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ላይ ዓሣ ኮተሌት የሚያዝ ሰው ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ናይል ፐርች፣ ያውቃል። በጫሞ ቆሮሶም (ቲላፒያ) ነጭ ዓሣም ይጠመዳል። ቆሮሶ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ ነጭ ዓሣ ግን እንቁላል ለመጣል ሳይደርስ በቁመቱ ቆሮሶን በብዙ ይበልጠዋል። ስለዚህ ለቆሮሶ ልክ የሆነ የመረብ ዓይን ለነጭ ዓሣ ጠባብ ነው። ትክክለኛ መረብ ይዞ፣ ሕግ አክብሮ የወጣ አጥማጅ እንኳ አንድም ጊዜ ያልተራባ ነጭ ዓሣ ይዞ ሊመለስ ይችላል። በጫሞ ነጭ ዓሣ መመናመኑ ሲነሣ ጣት የሚቀሰረው በሕገ ወጥ አጥማጅ ላይ ብቻ ነው፤ ይህኛው መንገድ እኩል ሊያሳስበን ይገባል ባይ ነኝ።

አዞውስ? መረብ ማታ ተጥሎ ጠዋት ይነሣል፤ አዞም በብዛት የሚያድነው ሌሊት ነው። የተጠለፈ ዓሣ ሲንፈራገጥ ይሰማና ይጠጋል፤ ሲነክስ ጥርሱ በናይለኑ ይያዛል። ትልቁ አዞ መረቡን ቦጫጭቆ ይሄዳል፤ ኪሳራው የአጥማጁ ነው፣ መረብ ደግሞ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ትንሹ ግን መቅደድ አይችልም። አዞ የሚተነፍሰው በሳንባ ስለሆነ ከውኃ በታች እንደተያዘ ከቆየ ታፍኖ ይሞታል። ተቀዶ ሐይቁ ውስጥ የተተወው መረብም አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረው ማጥመዱን ይቀጥላል።

«አብሮ ተጠማጅ» የሚለው ቃል የማይሸፍነውን ጉዳትም መለየት ያስፈልጋል። የአዞ እናት በአሸዋማ ዳርቻ ቆፍራ 50 ያህል እንቁላል ትጥልና ሦስት ወር ገደማ ትጠብቃለች። ሰው ዳርቻው ላይ እሳት ሲያነድ፣ ከብት ሲያሰማራ፣ ማሳውን እስከ ውኃው ሲያደርስ ትሸሻለች፤ ያኔ አርጃኖ መጥቶ እንቁላሉን ይቆፍራል። ይህ ረብሻና የመኖሪያ መጥፋት እንጂ አብሮ ተጠማጅነት አይደለም፤ መፍትሔውም መረብ ላይ ሳይሆን ዳርቻው ላይ ነው። በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርባ ምንጭ አዞ እርባታ እንኳ ያሳደጋቸው አዞዎች መነሻቸው ከእነዚሁ ሐይቆች የተሰበሰበ እንቁላልና ግልገል ነው።

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የሁለቱንም ሐይቆች ከፊል ይዟል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም አለ። በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት የሚያዋጣው ከአጥማጆች ማኅበራት ጋር ተቀምጦ በሁለት ነገር መስማማት ነው፦ አዞ እንቁላል በሚጥልበት ወቅት የጫሞውን «የአዞ ገበያ» በመሰሉ አዞ በሚበዛባቸው ዳርቻዎች አጠገብ መረብ አለመጣል፣ መረብንም ሌሊቱን ሙሉ ሳይመለከቱ አለመተው። ይህን ማኅበራቱ ከማንም ቀድመው ሊያስከብሩት ይችላሉ፤ መረባቸውም ከመቀደድ ይተርፋል። የዓሣ ሚዛን በሚያዝበት መዝገብ ላይ ደግሞ ከቆሮሶ፣ ከአምባዛና ከነጭ ዓሣ ቀጥሎ «አብሮ ተጠማጅ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ሞቶ የወጣው አዞም፣ ገና ያልደረሰው ነጭ ዓሣም እዚያ ይጻፍ።