«ሶቢር» እና እሬት፦ አንድ የተክል ስም በፊቅህና በዕፀዋት ምደባ ታሪክ

በሶሒሕ ሙስሊም የሐጅ ምዕራፍ ውስጥ ኢሕራም ላይ ሳለ ዓይኑን ስለታመመ ሰው የሚናገር ሐዲስ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓይኑን በ«ሶቢር» እንዲያክም ማስተማራቸውን ዑሥማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ልጃቸው አባንም በሐጅ ጉዞ ላይ ለታመመ ሰው ይህንኑ ነግረውታል።

ሶቢር እሬት ነው። ቃሉ ከ«ሶብር» ጋር አንድ ሥር አለው። ሆኖም በየደርሱ «ዑድ» ወይም «ቁልቋል» ተብሎ ሲተረጎም እሰማለሁ፤ እኔም በተማሪነቴ ቁልቋል ብዬ ጽፌ ነበር። የመጀመሪያው ስሕተት የመጣው የአውሮፓ ቋንቋዎች እሬትንና መዓዛማውን የዑድ እንጨት በአንድ «አሎ» በሚል ስም ስለጠሩ ነው። ለሙሕሪም ሽቶ ክልክል በመሆኑ፣ ሶቢርን ዑድ ያለ ሰው ሐዲሱን ከክልከላው ጋር ያጋጨዋል። ሁለተኛው ስሕተት የዛሬው ዐረብኛ የአሜሪካውን በለስ «ሶባር» ከማለቱ የመጣ ይመስለኛል። በለስ ግን በነቢዩ ዘመን በሒጃዝ አልነበረም። የአገራችን ቁልቋል ወተት ደግሞ ዓይን ይጎዳል፤ ስለዚህ ስሕተቱ የቃል ብቻ አይደለም።

የቀድሞ ሐኪሞች ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። በ646 ዓ.ሂ. (1248 እ.ኤ.አ.) ደማስቆ ላይ የሞተው ኢብን አል-በይጣር በመድኃኒት መዝገቡ ስለ ሶቢር ጽፏል። ሐኪሞቹ እሬትን የሚያበላልጡት በደረቀው ጭማቂና በመጣበት አገር ነበር፤ የሶቆጥራው ይመረጥ ነበር። ስዊድናዊው ሊኔየስ ግን በ1753 እ.ኤ.አ. አበባውን መሠረት አደረገ። እስከዚያ «የአሜሪካ እሬት» ይባል የነበረውን አጋቬ የለየውም ያኔ ነው፦ የእሬት ዕንቁላል እጢ ከአበባው ቅጠሎች መነሻ በላይ ሲቀመጥ፣ የአጋቬ ከበታቹ ነው። እሬት ለረጅም ጊዜ ከአበባ ሊሊ ቤተሰብ ተቆጥሮ ቆይቶ፣ የዘረመል ጥናት ወደ አስፎዴላሴ አዛውሮታል።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ። ስለዚህ «እሬት» የወገኑ ስም ነው፤ ሐዲሱም ዝርያውን አይወስንም። መምህሩ «ከእሬት ቅጠል የሚወጣ መራራ ጭማቂ» ቢል ይበቃዋል።

በአቡ ዳውድ የተዘገበው የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሐዲስ፣ ሰነዱ ቢያከራክርም፣ ይህንኑ ይደግፋል። በባላቸው ሐዘን ወቅት ዓይናቸው ላይ ያደረጉት ምን እንደሆነ ነቢዩ ሲጠይቋቸው፣ ሶቢር መሆኑንና ሽቶ እንደሌለበት መልሰዋል።