የውሃ ሙቀትና የዓሣ የምግብ ፍላጎት፦ ከዓባይ ዳር እስከ ባሌ ተራሮች

ዓሣን በኩሬ ማቆየት ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። ከ4000 ዓመታት በፊት በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ከተሳሉት ዓሦች አንዱ ቆሮሶ ነው። ይሁንና በዚያው በግብፅ ዛሬም አርቢዎች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው የብርድ ወቅት ይቸገራሉ። ቆሮሶ በዚህ ጊዜ መመገብ ስለሚያቆም እናት ዓሦችንና ጫጩቶችን በፕላስቲክ በተሸፈነ ኩሬ የሚያሳልፉ አሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓሣ እንደ ላምና በግ የገላውን ሙቀት ራሱ አይጠብቅም፤ ገላው የሚሞቀውም ሆነ የሚቀዘቅዘው ከውሃው ጋር ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላው ቶሎ አይፈጭም፤ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል።

በኢትዮጵያ ይህ በሁለት ዓሦች ታሪክ ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ትራውት የተባለው ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብና በዳንካ ወንዞች ተለቀቀ። ትራውት በደንብ የሚመገበው ውሃው ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በመሆኑ ቀዝቃዛዎቹ ወንዞች ተስማምተውት ተራባ። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ግን በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ስለሚያንስ ፍላጎቱ ይዘጋል።

በሌላ በኩል ከሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል የቆሮሶ ጫጩቶች ወደ ልዩ ልዩ ግድቦችና ኩሬዎች ተሰራጭተዋል። ቆሮሶ የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 ዲግሪ በታች ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ 16 ዲግሪ አካባቢ መብላቱን ያቆማል ማለት ይቻላል፤ ከ12 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በሞቃት ቆላ በወራት የሚደርሰው ቆሮሶ በደጋ ኩሬ ዕድገቱ ይጓተታል።

ይህን ያላገናዘበ አርቢ ሁለት ጊዜ ይከስራል። በኅዳር ውርጭ ማለዳ እንደ መጋቢቱ ፉርሽካና ፋጉሎ ቢበትን ዓሣው አይነካውም፤ መኖው ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ የውሃውንም ኦክስጅን ይጨርሳል። የመኖው ወጪ ባከነ፤ ኩሬውም ተበከለ ማለት ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከመመገብ በፊት የውሃውን ሙቀት በቴርሞሜትር መለካት፣ በብርድ ወራት ፀሐይ ውሃውን ካሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ጥቂት በጥቂት መስጠት፣ ዓሦቹ ወደ ላይ መውጣት ሲያቆሙም እጅን መሰብሰብ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ኩሬ ለማስቆፈር ያሰበ ማኅበር የአካባቢውን የውሃ ሙቀት አጥንቶ የሚስማማውን ዓሣ ሊመርጥ ይገባል።