የኮሪያ ሴቶች ራስ፦ ከቻንግፖ ውሃ እስከ ስፓው ወንበር

እህቶቼ፣ ባለፈው ወር ዕቁብ የወጣ ዕለት ቡና ላይ የተነሳውን ክርክር የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። አንዷ እህታችን አናንዴል ውስጥ ካለ የኮሪያውያን የራስ ቆዳ ስፓ ታጥባ መጥታ የከፈለችውን ስትነግረን፣ ግማሾቻችን ሳቅን፣ ግማሾቻችን ተቆጣን። «ፀጉር ለመታጠብ የሳምንት አስቤዛ ይወጣል እንዴ?» ያልኩት እኔ ነበርኩ። እሷ መልስ አልሰጠችኝም። ስልኳን አውጥታ በስፓው ካሜራ የተነሳውን የራሷን ቆዳ ፎቶ አሳየችን። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዊግ ሸፍና የኖረችውን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ፎቶው ላይ ምን እንዳየን ኋላ እመለስበታለሁ፤ የምጽፈውም ፈቃዷን ጠይቄ ነው።

በነገሩ አፍሬ ስለዚህ ስፓ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ውበት አነባለሁ ብዬ የገባሁበት ነገር የሴት ልጅ ራስ ስንት ነገር እንደተሸከመ የሚናገር ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ለመጽሔታችንም ይሆናል ብዬ እነሆ ጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኮሪያውያን በጨረቃ አቆጣጠራቸው በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን የሚያከብሩት ዳኖ የሚባል በዓል አላቸው። የዘር ሥራ ያለፈበት፣ ሙቀቱ የሚጀምርበት ወቅት ነው። በዚያን ቀን ሴቶች ቻንግፖ የሚባለውን ተክል ቀቅለው በውሃው ራሳቸውን ይታጠባሉ። ቻንግፖ ረግረግ ላይ የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ሾጠጥ ያለ፣ መዓዛው ደስ የሚል ተክል ነው። ፀጉር ያወዛል፣ የበጋ በሽታና መጥፎ ነገርን ያርቃል ይባል ነበር። ከሥሩም እንደ እኛ ወለባ ያለ የፀጉር መሰኪያ ይቀርጹና ቀይ ቀለም ቀብተው ይሰኩታል። ለሴቶች ከግቢ ወጥቶ ዥዋዥዌ መጫወትም የተፈቀደበት ቀን ነበር።

ይህን ቀን ሺን ዩን ቦክ የሚባል ሠዓሊ ሥሎታል። በ1758 የተወለደ ሰው ነው፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ ካንሶንግ በሚባለው ቤተ መዘክር ይገኛል። ቀይ ቀሚስ የለበሰች ሴት ዥዋዥዌው ላይ ቆማለች፤ ሌሎች ወንዝ ዳር ግማሽ እርቃናቸውን ሆነው ይታጠባሉ፤ አንዷ ጥቅል በራሷ ተሸክማ ትመጣለች። ከድንጋይ ጀርባ ደግሞ ሁለት ወጣት መነኮሳት ተደብቀው ይሰልላሉ። ሠዓሊው ቀልደኛ ነበር መሰለኝ። እኔን የያዘኝ ግን ሴቶቹ ፊት ላይ ያለው መዝናናት ነው። በዓመት አንዴ ሸክሙን ከራሳቸው ያወረዱ ይመስላሉ።

ሸክም ያልኩት ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። በዘመኑ ወግ ያላት ሴት በራሷ ፀጉር ላይ ጋቼ የሚባል፣ ከሌላ ሰው ፀጉር የተጎነጎነ ትልቅ ዊግ ትጠመጥም ነበር። ትልቅነቱ የባለጠግነት ምልክት ሆነና ቤተሰብ ከቤተሰብ ተፎካከረበት። ለሠርግ የሚሆን ጋቼ መግዣ አጥቶ ሠርጉን የሚያዘገይ ነበር። ዪ ዶክ ሙ የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ምሁር የጻፈው አንድ ነገር አለ። የአንድ ሀብታም ቤት ሙሽራ፣ ዕድሜዋ 13፣ አማቷ ወደ ክፍሉ ሲገባ ለማክበር ብድግ ስትል የዊጉ ክብደት አንገቷን ሰብሮ ገደላት። እኛም ሀገር በዚያ ዕድሜ የተዳሩ እናቶችና አያቶች አሉን፤ ለእንግዳ ብድግ ማለትንም እናውቃለን። ስለዚህ ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ንጉሥ ዮንግጆ በ1756 ጋቼን ከለከለ፤ በምትኩ ጆክዱሪ የሚባል ትንሽ ጌጠኛ ቆብ ይደረግ አለ። ሴቶቹ አልተውትም። የልጅ ልጁ ጆንግጆ በ1788 እንደገና ከለከለ። እንደ ገባኝ ከሆነ ነገሥታቱን ያሳሰባቸው የገንዘቡ ብክነትና ከደረጃ በላይ መታየት ነው እንጂ የልጅቷ አንገት አይደለም። ያ ሁሉ ክብደት የፀጉርን ሥር ዘወትር ሲጎትት የሚሆነውን ዛሬ ሐኪሞች ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። ጠበቅ ያለ ሹሩባ የለመድን እኛ ስሙን ባናውቀውም ነገሩን እናውቀዋለን፤ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ነው የሚጀምረው።

በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ያን ረጅም ፀጉር በየጊዜው አጥቦ ማድረቅ ቀላል አልነበረም። ጥርሱ በጣም የተቀራረበ የቀርከሃ ሚዶ ነበራቸው፤ ፎረፎሩንም ቅማሉንም የሚጠርገው እሱ ነው። ከዚያ የካሜሊያ ፍሬ ዘይት ይቀባሉ። ቅቤና ሚዶ ይዛ ከኋላችን የምትቀመጠውን እናት ላስታወሰ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1895 መጨረሻ ደግሞ ወንዶቹ ላይ ደረሰ። መንግሥት የወንዶች ቁንጮ ይቆረጥ ብሎ አወጀ፤ ንጉሥ ጎጆንግም የራሱን አስቆረጠ። ፀጉር ከወላጅ የተቀበሉት አካል ነውና አይነካም ብለው የሚያምኑ ሰዎች አመፅ አነሱ። ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ ወንዶች ቁንጮ ብዙ ተጽፏል። ስለ ሴቶቹ ፀጉር ግን ከዚያ ሰባ ዓመት በኋላ የሆነው ነው የሚበልጥብኝ።

የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የተዋጉበት ጦርነት በ1953 ሲቆም ደቡብ ኮሪያ ፍርስራሽ ነበረች። በ1960ዎቹ የፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ወደ ውጭ የሚሸጥ ነገር ሲፈልግ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የሴቶች ፀጉር ሆነ። አሜሪካ ዊግ ፋሽን ሆኖባት ነበር። በ1965 ደግሞ ከኮሙኒስት ቻይና ፀጉር የተሠራ ዊግ እንዳይገባ ስትከለክል ገበያው ለኮሪያ ተከፈተ። ነጋዴዎች በየመንደሩ እየዞሩ ፀጉር ገዙ። እናቶች ሹሩባቸውን ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሸጡ። ዊግ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሀገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልካቸው ዋና ዋና ዕቃዎች አንዱ ሆነ። በአሜሪካ ከተሞች ኮሪያውያን ስደተኞች የከፈቷቸው፣ ዛሬ እኛም ዊግና ሂዩማን ሄር የምንገዛባቸው የፀጉር ዕቃ መደብሮች መነሻቸው ይኸው ንግድ ነው።

ዊጉን የሚሠሩት ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ዋይ ኤች የሚባል ኩባንያ በ1966 ተቋቁሞ በ1970 ገደማ 4,000 ያህል ሠራተኛ ደርሶ ነበር። ፋሽኑ ሲቀዘቅዝ፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ ሲዞር፣ የኩባንያው መሥራችም አሜሪካ ሲቀመጥ፣ የሠራተኛው ቁጥር ወደ ጥቂት መቶ ወረደ። ሴቶቹ በ1975 ማኅበር አቋቋሙ። በ1979 ኩባንያው ይዘጋል ሲባል ወደ አሠሪ ቢሄዱ፣ ወደ መንግሥት ቢሄዱ የሚሰማቸው ጠፋ። ነሐሴ 9 ቀን 187 የሚሆኑት ሴኡል በሚገኘው የተቃዋሚው ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት ገብተው ተቀመጡ። የፓርቲው መሪ ኪም ዮንግ ሳም ተቀበላቸው።

ነሐሴ 11 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሺህ ያህል ፖሊስ ሕንፃውን ሰብሮ ገባ። ሴቶቹን እየደበደበና እየጎተተ አወጣቸው። ኪም ክዮንግ ሱክ የምትባል የ21 ዓመት ሠራተኛ ሞታ ተገኘች። ታናሽ ወንድሟን ለማስተማር ከልጅነቷ ጀምሮ ፋብሪካ የሠራች ልጅ ነበረች። ፖሊስ ራሷን ገደለች አለ። የሀገሪቱ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ የፖሊስ ቃል ትክክል እንዳልሆነ የገለጸው በ2008 ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ከወረራው በኋላ በነበረው ጥቅምት ኪም ዮንግ ሳም ከምክር ቤት ተባረረ፤ ቡሳንና ማሳን በሚባሉት ከተሞች ሕዝብ ተነሳ፤ ጥቅምት 26 ቀን ፓርክ በገዛ የስለላ ሹሙ ተገደለ። መንግሥቱ የወደቀው በዊግ ሠሪዎች ነው ማለት ያበዛዋል፤ ነገሩን የለኮሱት ግን እነሱ መሆናቸውን ኮሪያውያን ራሳቸው ይጽፋሉ። በመረዳጃ ማኅበር ለተሰበሰብን ሴቶች ይህ ታሪክ ከሻምፖው በፊት ቢነገር ይገባው ነበር።

አሁን ወደ ስፓው። ካለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ወዲህ ኮሪያ ውስጥ ፀጉርን ሳይሆን የራስን ቆዳ ብቻ የሚንከባከቡ ቤቶች በዝተዋል። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ የራስ ቆዳ እንደ ፊት ቆዳ ነው፤ ፊትህን የምታጠቢበትን ጥንቃቄ ለራስሽ ለምን ትነፍጊያለሽ? መጀመሪያ አጉልቶ በሚያሳይ ትንሽ ካሜራ ቆዳውን ያያሉ። ከዚያ የተጠራቀመውን ቅርፊትና የቅባት ዝቃጭ በፈሳሽ አለስልሰው ያነሳሉ፤ በእንፋሎት ያሞቃሉ፤ ሁለት ጊዜ ያጥባሉ፤ አንገትና ጭንቅላት ያሻሉ፤ በመጨረሻ ቆዳ የሚያረጥብ ፈሳሽ ይቀባሉ።

ምን ይጠቅማል? ፎረፎር ያለባት ትጠቀማለች። ሁላችንም ራስ ላይ ማላሴዥያ የሚባል እርሾ መሳይ ፈንገስ አለ፤ የሚኖረው የቆዳችንን ወዝ እየበላ ነው። በአንዳንዶቻችን ላይ ቆዳውን ያስቆጣና ቅርፊቱ በፍጥነት እንዲረግፍ ያደርጋል። ወዙንና ቅርፊቱን በደንብ ማጽዳት ማሳከኩን ያቀለዋል፤ ካልተወ ግን ኪቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ነው የሚያስፈልገው፤ እሱም ከፋርማሲ ነው የሚገኘው። ሹሩባውን ሳይፈታ ወር የሚያቆይ፣ ቅቤና ጄል የሚደራርብ ራስም በዚያ እጥበት ቀላል ሲሆን በራሴ አይቻለሁ። (አዎ፣ ሄድኩ። አትሳቁ።)

ማሻሸቱ ፀጉር ያበቅላል ወይ? በ2016 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት አለ። ዘጠኝ ወንዶች በቀን 4 ደቂቃ ለ24 ሳምንት ራሳቸው በመሣሪያ ተሻሽቶ ፀጉራቸው ትንሽ ወፍሮ ተገኘ። ዘጠኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ጤነኞች። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ራሰ በራ ይድናል ብሎ ብር የሚቀበል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። ኮሪያ ራሷ ከ2017 ጀምሮ ለፀጉር መርገፍ የሚሸጡ ሻምፖዎችን ከመዋቢያ ዕቃዎች መድባ ነው የምትቆጣጠረው፤ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይባልባቸውም። የፀጉር መርገፍ እዚያ ሀገር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ለማወቅ የ2022ቱን ምርጫ ማየት ይበቃል፤ አንዱ ዋና ተፎካካሪ የፀጉር መርገፍ ሕክምና በብሔራዊ የጤና መድን ይሸፈን ብሎ ቃል ገብቶ ሀገር ተከራክሮበታል።

ከሁሉ የበለጠ የጠቀመው ካሜራው ይመስለኛል። የእህታችን ፎቶ ላይ መሀል አናቷ አካባቢ የመዳፍ ያህል ቦታ ያብረቀርቃል። በዙሪያው ያለው ቆዳ ላይ ፀጉር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ግን ምንም የለም፤ ልሙጥ ነው። ያጠበቻት ኮሪያዊት ይህን ስታይ ቦታውን በቅርፊት ማንሻው አልነካችውም። በቀስታ አጥባ፣ ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ የቆዳ ሐኪም ይየው አለቻት። ሌላ ጊዜ ነይ ብላ ብሯን መቀበል ትችል ነበር። ጥቁር ሴቶች ላይ ከአናት ጀምሮ ወደ ውጭ የሚሰፋ፣ የፀጉሩን ሥር በጠባሳ የሚዘጋ በሽታ መኖሩን አንብቤያለሁ። የእሷ እሱ ይሁን አይሁን ሐኪም ነው የሚያውቀው። ጠባሳ የሆነው አይመለስም፤ ቶሎ ከተደረሰበት ግን የቀረውን ማትረፍ ይቻላል።

ለምን ሁለት ዓመት ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። «ማን ራሴን ያየኛል ብለሽ ነው?» አለችኝ። ልጅ ሳለን እናቶቻችን በየሳምንቱ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ያዩን ነበር።

ቀጠሮዋ የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሚያስተረጉምላት እዚያው ካለው ሰው ይልቅ ከእኛ አንዷ ብትሄድላት ትመርጣለች፤ የምትችል እህት ትደውልልኝ። ልጆቿን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ።